የእናኑ እጅ

«ማን እንዳበላኝ ይናገራል ወረቀቱ?» አለች ደስታነሽ፣ የምርመራ ውጤቷን ለወጣቱ ጤና መኮንን መልሳ እየገፋች።

«ያበላዎት ሰው የለም፣ እናቴ» አለ ናሁሰናይ። «ባክቴሪያ ነው። ጨጓራ ውስጥ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ተባይ።»

«ተባዩንስ ቢሆን የሰጠኝ ሰው አይጠፋም።»

ከዚያ የሆዷን ዘረገፈችው። የወንድሟ የክንዱ ልጅ ክርስትና የተነሣ ዕለት በልታ ስትመለስ እንብርቷ ላይ እሳት የተጣደ መሰላት። ይኸው ሦስት ዓመት፣ በርበሬ ቀርቶ አልጫውም አልስማማት አለ። አንድ አዋቂ ዘንድ ብትሄድ፣ «ከቅርብሽ ቀምሰሻል» አላት። ቅርቧ ማን ነው? የክንዱ ሚስት፣ እናኑ። ይህንኑ ለአንዲት ጎረቤቷ ሹክ አለች፤ ጎረቤት ለጎረቤት አደረሰው። በማኅበር ቀን የእናኑ ድፎ ሳይቆረስ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ክንዱም ከዚያ ወዲህ የእህቱን ደጅ አልረገጠም። የጤና ኤክስቴንሽኗ ጎትጉታ ባትልካት ኖሮ ዛሬም ፍኖተ ሰላም ድረስ ባልመጣች።

ናሁሰናይ መዝገቡን ገለጠ።

«ዛሬ ጨጓራዬን ብለው የመጡት አሥራ አንድ ናቸው። ሰባቱ ላይ ይኸው ተገኝቷል። ከደምበጫ የመጣ አለ፣ ከቋሪት የመጣ አለ። ሁሉም እዚያ ቤት በልተዋል?»

ደስታነሽ ወረቀቱን መልሳ ወደ ራሷ ሳበችው።

«በውኃም፣ ባልታጠበ እጅም ይተላለፋል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብዙው ሰው በልጅነቱ ይይዘውና ሳያውቀው ይኖራል፤ የሚያመው አንዳንዱን ነው። እርስዎም ዘንድ ከክርስትናው በፊት ኖሮ ይሆናል።» ሦስት ዓይነት መድኃኒት ጻፈላት። «ጠዋትና ማታ፣ ዐሥራ አራት ቀን። ቢሻልዎትም እንዳያቋርጡ። ባዶ ሆድዎንም እንዳይውጡት።»

መድኃኒት ከሚሰጥበት መስኮት ፊት፣ አግዳሚው ላይ አንድ መነኩሴ ተቀምጠዋል። አባ ገብረሰንበት ይባላሉ፤ ከገበዝ ማርያም ነው የመጡ። የያዙት ወረቀት ከእሷው ጋር አንድ ነው።

«እርስዎንም ይኸው ነው ያመመዎት፣ አባቴ?»

«ይኸው ነው፣ ልጄ።»

«ማን አበላኝ ይላሉ?»

አባ ፈገግ አሉ። «ብቻዬን የምኖር፣ ቆሎዬን ራሴ ቆልቼ የምበላ ሰው ነኝ። ማንን ልክሰስ?»

እሳቸው የቀለዱ መስሏቸዋል፤ ቃሉ ግን ደስታነሽን እስከ መኪናው ድረስ ተከተላት። ከቡሬ በፊት መንገድ ዳር ወርዳ፣ የእግር መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቆመች። ቀኙ ወደ ቤቷ ይወስዳል። መድኃኒቷን ውጣ፣ ድና፣ ዝም ብትል ማን ያውቃል? ጠበል ጠጥታ ዳነች ይባላል፤ ሰዉም ያምናል። እናኑ ግን እንደዚያው መርዘኛ ተብላ ልትኖር ነው።

ወደ ግራ ታጠፈች።

እናኑ ከደጇ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። ስታያት ብድግ አለች። «ደኅና ዋሉ፣ እታለም» አለች መሬት መሬት እያየች። «ክንዱ የለም።»

«አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት። ሐኪም ዘንድ ውዬ መምጣቴ ነው። ተባይ ነው አሉኝ፤ ያንቺ እጅ የለበትም። ስምሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እናኑ ቀና ብላ አየቻት።

«ድፎዬን ተሸክሜ ስመለስ እርስዎ ያዩኝ ነበር።»

«አይሽ ነበር።»

አንዳቸውም አላለቀሱም። ዶሮዎቹ የተበተነውን በቆሎ ይለቅማሉ።

«መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይዋጥም» አለች ደስታነሽ። «የሚቀመስ ካለሽ ስጭኝ።»

«የኔን እጅ ሊቀምሱ?»

«አዎ።»

«እንግዲያስ ይግቡ።»

«አልገባም።» የእናኑ ፊት ሲከስም አየችና ፈጥና ቀጠለች፤ «ጓዳ ገብቼ ብበላ ማን ያየኛል? ከአጥሩ ውጭ አምጭልኝ። ገበያተኛው ከቡሬ የሚመለስበት ሰዓት ነው።»

በርጩማውን አንሥታ ወጣች። ነጠላዋን ሰብስባ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች።