የግራ እጅ ጓንት

«ካሪቡ፣ ግባ እንጂ! በረኛ ስለሆንክ በር ላይ ልትቀር ነው?» አለው የድሮ የቡድን ጓደኛው ኬቨን፣ ሦስት የሻይ ብርጭቆ በአንድ እጁ እንደያዘ።

መሐዲ አልሳቀም። ትናንትም እዚሁ የለቅሶ ድንኳን ደጃፍ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። ከውስጥ፣ አሰልጣኝ አሰግድ ሜዳ ዳር ይቀመጥበት የነበረው የፕላስቲክ ወንበር ይታያል፤ ፊሽካው ከነገመዱ መደገፊያው ላይ ተንጠልጥሏል። አሰግድ ከማርሳቢት ሲመለስ የተሳፈረበት ሎሪ ተገልብጦ ሞተ፤ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። መርዶውን ከሰማበት ሰዓት ጀምሮ መሐዲ የግራ እጁ አንጓ ላይ የሚጨብጡት ጣቶች ይሰሙታል። ቢያሸው አይለቅም፣ ቢታጠብ አይለቅም። ውዱእ ሲያደርግ እንኳ እጁን እያገላበጠ ያየዋል።

ገብቶ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ ያሉ ሁለት ሴቶች ዞር ብለው አዩትና አንገት ለአንገት ገጠሙ።

«ይሄ አይደል ኮቻ አሰግድ ያዳነው ልጅ?»

«የቱ?»

«የሀያቱ ልጅ፣ እስላሙ በረኛ። ጌታን ተቀብሎ አባቱ ከኮሌጅ ያስወጣው።»

«ታዲያ ኮፍያው ምንድነው?»

«ተደብቆ ያምን ይሆናላ።»

መሐዲ ሻዩን ሳይቀምስ መሬት ላይ አኖረው። አራት ዓመት ሙሉ የሸሸው ወሬ ቀድሞት ደርሶ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። በሚቀጥለው ወር ሳቢራን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ ነው። ይህ ወሬ አንዴ እንደገና የድንበሩን ኬላ ከተሻገረ ሽማግሌዎቹ ከደጅ ነው የሚመለሱት።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች 2003 ነው፣ ከድንበሩ ወዲህ ባለው የመንግሥት ኮሌጅ ውስጥ። አሰግድ በዋልዳ የስደተኞች ካምፕ በኩል የመጣ ኢትዮጵያዊ ነበር። «እዚያ ካምፕ ልሞት ስል ጌታ አነሳኝ» ሲል የምሩን ነው፤ ዓይኑ እንባ ይሞላል። ከጨዋታ በፊት ተጫዋቾቹን ክብ አድርጎ፣ ትከሻ ለትከሻ አስይዞ ይጸልያል። «የማይፈልግ ዳር ይቁም፣ ችግር የለም» ይላል። ችግርማ ነበር። የመንግሥት ኮሌጅ ነው፣ ማንም ማንንም አያስገድድም፤ ዳር የቆመ ልጅ ግን የጓደኞቹን ጀርባ እያየ ነው የሚቆመው። የሚጸልይ ይሰለፋል፣ የማይጸልይ ተጠባባቂ ይሆናል ብሎ የተናገረ የለም። ሁሉም ግን እንዲያ ይመስለው ነበር።

አንድ ቅዳሜ መሐዲ በኬቨንና በሁካ መሃል ገብቶ አንገቱን ደፋ። ከንፈሩን አላንቀሳቀሰም፤ በልቡ የሚቀራው የራሱን ፋቲሃ ነበር። በዚያው ቀን አንድ ቁጥር ማልያ ተሰጠው። በጸሎቱ ይሁን በችሎታው እስከ ዛሬ አያውቅም።

የቀኙን ጓንት ራሱ አሰረ። የግራውን ግን ጓንት ባወፈረው ቀኝ እጁ መያዝ አቅቶት ማሰሪያውን በጥርሱ ሊስብ ሲል አሰግድ ክንዱን ያዘው።

«በጥርሱ የሚያስር ሰው የሌለው ነው። አምጣ እጅህን።»

ከዚያ ወዲያ ይህ የሁለቱ ልማድ ሆነ። መሐዲ ግራ እጁን ይዘረጋል፤ አሰግድ አጥብቆ ያስርና አንጓውን ጨበጥ አድርጎ ይለቀዋል። መሐዲ ያንን ጭብጥ ይወደው ነበር። ከአባቱ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አላገኘም።

በአምስተኛው ሳምንት እሁድ አሰግድ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ፊት ቆመና «በረኛዬ ጌታን ተቀበለ!» ብሎ እያለቀሰ መሰከረ። ወሬው ከቀትር በፊት ድንበሩን አልፎ ኢትዮጵያ በኩል ያለው የአባቱ የሀያቱ ሱቅ ገባ። ሀያቱ ሱቁን ዘጋ። ልጁን ከኮሌጅ አስወጥቶ መስጊድ ሽማግሌዎች ፊት አቆመና ሸሃዳ አስባለው፤ ካልወጣበት ቤት እንደ አዲስ ግባ ተባለ። እናቱ ፋዱሞ ስድስት ወር ጎረቤት ደጅ አልደረሰችም።

ከዚያ በኋላ መሐዲ ጫማና ጨርቅ እያሻገረ መነገድ ጀመረ። አሰግድ ኬላው ላይ ባየው ቁጥር እጁን ያነሳል፤ መሐዲ ፊቱን ያዞራል። ባለፈው ማክሰኞም ያው እጅ ተነሳ፣ ያው ፊት ዞረ። ሐሙስ ሎሪው ተገለበጠ።

«ልጄ» አሉት የጉባኤው ሽማግሌ ጆሴፍ፣ አጠገቡ እየተቀመጡ። «ነገ ድንኳኑ ከመነሳቱ በፊት ተነስተህ ትመሰክራለህ። ለኮቻ ከዚህ የበለጠ መታሰቢያ የለም።»

«እኔ ሙስሊም ነኝ፣ አባባ ጆሴፍ። ሌላ ነገር ሆኜም አላውቅም።»

«ፈርተህ ነው፣ ይገባናል። ግዴለም፣ እኔ እናገርልሃለሁ።» ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

መሐዲ ቁርጡን አወቀ። ነገ ተነስቶ «ሰውየው ዋሽቷል» ማለት አለበት፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ የአሰግድ ሚስት ደሚቱ እየሰማች። ቢያንስ ለእሷ አስቀድሞ መንገር አለበት ብሎ ወደ ጓሮ ዞረ። ደሚቱ የውሃ ጀሪካን ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ፖሌ፣ ማማ» ብሎ በስዋሂሊ አጽናናት።

«መጣህ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ።»

«ነገ ስሜን ሊጠሩ ነው። ከጠሩኝ ውሸት ነው እላለሁ። ይቅር በይኝ፣ ሌላ መንገድ የለኝም።»

ደሚቱ ከጀሪካኑ ላይ ተነሳች። «ማንም አልነገረህም ማለት ነው?»

«ምኑን?»

«ባሌ እኮ በመሰከረ በሳምንቱ አባትህ ሱቅ ሄዶ ነበር። እጁን ዘረጋ፣ አባትህ አልጨበጠውም። በሚቀጥለው እሁድ እዚያው ጉባኤ ፊት ቆመና ‹ልጁ ምንም አላለኝም፤ ስለጓጓሁ ነው ያወራሁት፤ ዋሽቻለሁ› አለ። ከአገልግሎት አወረዱት። የጸሎቱን ክብም ያን ቀን ተወው። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ከጎሉ ጀርባ ሄዶ ነበር የሚጸልየው።»

«እና ሰዉ ለምን…»

«የመጀመሪያውን ወሬ ሁሉም ይዞት ወጣ። ሁለተኛውን እዚያው ጥሎት ሄደ። ጆሴፍም እዚያ ነበሩ።»

መሐዲ አንጓውን ጨበጠ። «ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ኬላው ላይ እጁን ሲያነሳልህ ምን ሊልህ ይመስልሃል?»

መሐዲ እዚያው ቁጢጥ አለና አለቀሰ፤ ማፈርም አላፈረም። ደሚቱ ቤት ገብታ ያኔ ያጠልቃቸው የነበሩትን ሁለቱን ጓንቶች ይዛ መጣች። አሮጌ ናቸው፣ ግን ንጹሕ። «መዳፉ እንዳይጣበቅ ዱቄት ይነሰንስበት ነበር» አለች። «ለሌላ በረኛ አልሰጣቸውም።»

በማግስቱ ጆሴፍ ተነሱ። «ዛሬ መሃላችን አንዲት ነፍስ አለች፤ ኮቻ ከጨለማ ያወጣት…»

«አባባ ጆሴፍ» አለች ደሚቱ ነጠላዋን ሰብስባ እየቆመች። «ባሌ ይህን ነገር በሕይወት እያለ ‹ዋሽቻለሁ› ብሎ መልሶታል። እርስዎም ሰምተዋል። ሞቶ እንኳ አያስዋሹት።»

ጆሴፍ ተቀመጡ። ከፊት ያሉት ሁለት ሴቶች መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ወደ መሐዲ ዞረ። ሌሊቱን ያሰናዳው ንግግር ግን አላስፈለገም፤ ቢያስፈልግም ጠፍቶበታል።

ተነስቶ ወደ ባዶው ወንበር ሄደ። ጓንቶቹን ከጃኬቱ ሥር አወጣ። ቀኙን አጠለቀና አሰረ። ግራውን አጠለቀ፤ ማሰሪያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ወደ ጥርሱ አላስጠጋውም። እንዲታሰርለት እንደ ድሮው ልማዳቸው እጁን ፊሽካው ወዳለበት ዘረጋ።

ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንጓው ላይ ምንም ጣት አልተሰማውም። እጁን ግን አላወረደም።