የካሴቱ ጥርስ

«አላህ ይርሐመው፤ ሰብሩን ይስጥሽ» አለ ሰውየው በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ። ዱዓ ያደረገባቸው እጆቹ ገና ከፊቱ ሳይወርዱ ዓይኑ በጣቶቹ መሀል አልፎ መደርደሪያው ላይ ደርሷል። «ያችኛዋ... ጎኗ በሽቦ የታሰረችው፣ የኔ ናት። እንድታውቂው ያህል ነው እንጂ አሁን ልውሰድ አላልኩም።»

ከሚላ አንገቷን ነቀነቀች። ከጠዋት ጀምሮ ይኸኛው አምስተኛው መሆኑ ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ሲሞት ለቅሶ ደራሹ ሁሉ አንድ ዓይኑን ለሟች፣ አንድ ዓይኑን ለዕቃው ይዞ ይመጣል። አይፈረድበትም። ዘመኑ 1979 ነው፤ በነገሌ ልጁን ወደ ሰሜን ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነው፤ ሬዲዮ የሌለው ሰው ደግሞ ጦርነቱን የሚሰማው ከጎረቤት አፍ ነው።

ባሏ ሺሬ ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ረቡዕ ረፋድ ላይ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ደረቱን ይዞ ተደፋ፤ እሷ ከጓዳ እስክትደርስ አልቆ ነበር። ወንዶቹ ውጭ ሸራ ሥር ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ጓዳው ስለጠበባቸው የሺሬን መሥሪያ ክፍል ወርሰው፣ ሆዳቸው በተዘረገፈ ሬዲዮዎችና ቴፖች መሀል ምንጣፍ ላይ ኮልኮል ብለዋል።

«ለኔኮ ባለፈው ሳምንት ብቻ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ?» አለች ጎረቤቷ አመለወርቅ፣ የቀበሌ ጸሐፊዋ። ድምፅዋን አወፍራ የሺሬን አነጋገር ያዘች። «‹አመለወርቅ፣ ይህ ሬዲዮ አልተበላሸም፤ አንቺ ነሽ የማታስወሪው!›»

ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አንዷ «ልክ እሱ!» አለች። የሟች ታላቅ እህት መሱዳ እንኳ ፊታቸው ፈታ አለ።

ከሚላ ግን ደነገጠች። ልክ እሱ? እሷ አላወቀችውም። ዓይኗን ጨፍና የባሏን ድምፅ በጆሮዋ ፈለገችው፤ አጣችው። ፊቱ አለ፣ እጁ አለ፣ የሲጋራው ሽታ ሳይቀር አለ፤ ድምፁ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ኖራ በሁለት ቀን እንዴት ይጠፋታል? ለማን ይነገራል ይሄ? ልጅ አልወለዱም፣ «አንተ፣ አባትህ እንዴት ነበር የሚናገረው» አይባል። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ እሷ ብቻዋን ነበረች።

እውነቱን ለመናገር ሺሬ ቤት ውስጥ ወሬ አያበዛም ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ሬዲዮ ሲያናግር ውሎ ማታ ቃል አይተርፈውም፤ የሁለቱንም ድርሻ የምታወራው እሷ ነበረች። የእሱ ድምፅ የሚሰማው ሱቁ ውስጥ ነው። ከሊበን የሚመጡ አርብቶ አደሮች ወታደር ለሆኑ ልጆቻቸው ደብዳቤያቸውን በካሴት የሚያስቀርጹት እሱ ጋ ነበር። አስቀድሞ መቅረጫውን ይጫንና «አካም፣ ናጋ? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ይሞክራል። ከዚያ ወደ ኋላ መልሶ የካሴቱን ባለቤት ድምፅ በራሱ ድምፅ ላይ ይቀርጽበታል። «የሰው ካሴት የሰው ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?» ይላል። እንዲህ እያለ የስንቱን ቤት ድምፅ አስቀምጦ የራሱን ሁሉ አጠፋ።

አንድ ጊዜ ብቻ ለእሷ ተናግሯል። ከስድስት ዓመት በፊት የመንግሥት መገናኛ ሬዲዮ ሊጠግን ተልተሌ ሦስት ወር በቆየ ጊዜ በጭነት መኪና ሹፌር እጅ ካሴት ላከላት። ትልቅ ነገር አላለበትም። ጣሪያው ያፈሳል ወይ፣ ፍየሏ ወለደች ወይ፣ እዚህ ውሃው ጨው ጨው ይላል። ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ሰብሮ ነበር የላከው። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ላይ መቅረጫው እሺ አይልም፤ ያለው ድምፅ እንዳለ ይኖራል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወደራ ከተማ የእህቷ ልጅ ስትዳር ከሚላ ዘፈኑን ልቅረጽ አለች። ባዶ ካሴት አጣች። የሬዲዮ ጠጋኝ ሚስት መሆን መጥፎ ነው፣ ሰው ብልሃት ይማራል፤ ወረቀት አኝካ በተሰበረው ጥርስ ቀዳዳ ጠቀጠቀችበትና ሠርጉን በተልተሌው ድምፅ ላይ ቀረጸችው። ባሌ እንደሆነ ቤት ነው ያለው፣ ድምፁ የት ይሄዳል ብላ ነበር።

ሺሬ ስትመለስ ካሴቱን አገላብጦ አየው። «ወረቀቱን በደንብ ጠቅጥቀሽዋል» አለ። ዳግመኛም አልቀረጸላትም። እሷም ኩራት ይዟት ይቅርታ ሳትለው ሦስት ዓመት አለፈ፤ አሁን ደግሞ የሚባልለት ሰው የለም።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። የሊበኑ ዱባ ናቸው፤ ልጃቸው ሀላኬ ሰሜን ዘምቷል። ከመኪና እንደወረዱ ነው ሞቱን የሰሙት።

«አዴ ከሚላ፣ ዋቃ ያጽናሽ» አሉና ቁጭ ብለው አለቀሱ። ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ አልሄደም። ቆይተው ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ካሴት አወጡ። «ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ለሀላኬ የላክሁት ነበር፤ የልጁ ጦር ቦታ ለውጧል ብለው መለሱልኝ። አሁን ያለበትን የሚያውቅ ሹፌር አገኘሁ፤ ከአሱር ሶላት በኋላ ይነሣል። እናቱ እኮ ሞታለች። ያኔ ‹ደህና ናት› ብዬው ነበር። እሱን አጥፍቼ እውነቱን ልንገረው ብዬ ነው ሺሬ ጋ የመጣሁት።»

ከሚላ ካሴቱን ተቀበለች። «እኔ እቀርጽልዎታለሁ፣ አባ ሀላኬ።»

«በሐዘን ቤት ቴፕ ሊከፈት!» አሉ መሱዳ። «አንቺ ልጅ፣ ሦስት ቀን እንኳ አልሞላውም!»

«ዘፈን አይደለም፣ እትዬ መሱዳ፤ መርዶ ነው። እርስዎም አብረውን ይቀመጣሉ።»

የባትሪ ድንጋይ ከከተማው ከጠፋ ወር አልፎታል። ከሚላ ግን የት እንዳለ ታውቃለች። ሺሬ የደከሙ ድንጋዮችን በየማለዳው መስኮቱ ላይ ፀሐይ ያሞቃል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። የረቡዕ ጠዋቶቹ አራት ድንጋዮች እዚያው እሱ እንደደረደራቸው ነበሩ፤ ማንም አልነካቸውም። ትኩስ ናቸው። ቴፑ ውስጥ ከተተቻቸው።

ካሴቱ እስከምን ድረስ እንደተቀረጸ ለማየት ከመሀል ከፈተችው። ዱባ ለልጃቸው ስለ ዝናብ፣ ስለ ቀይዋ ላም ይናገራሉ፤ ሰላምታ ለእከሌ፣ ለእከሌ ብለው ጨረሱ። ልትዘጋው ጣቷን ሰነዘረች።

«ጨረስክ፣ አባ ሀላኬ?» አለ ሺሬ በኦሮምኛ።

ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ትንሽ ሻከር ያለ፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ የሚል ድምፅ ነበር። እንዴት ጠፋኝ?

«ቁጭ በል እንጂ፣ ሻይ ይመጣል።»

«ሚስትህ ደህና ናት?» የዱባ ድምፅ ነው።

«ከሚላ? አለች። ትጮኻለች፣ እሰማለሁ። ወደራ የሄደች ጊዜ ብታየኝ! እሷ ከሌለች ይህ ቤት ድንጋይ ያለቀበት ሬዲዮ ነው...» ወንበር ተንቋቋ። «ውይ! ቴፑን አላቆምነውም እንዴ?» ቀጭ አለና ዝም አለ።

መሱዳ ምንጣፉ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው «ወንድሜን! ወንድሜን!» አሉ። ከሚላ አላለቀሰችም። ወደ ኋላ መመለሻው ላይ ጣቷን አኖረች፤ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ግን የመጨረሻዎቹ ቃላት ላይ ድምፁ ጎተት ሲል ሰምታዋለች። ድንጋዮቹ እየሞቱ ነው። የቀረቻቸው ነፍስ ወይ ለእሷ ናት፣ ወይ ለሀላኬ እናት።

ዱባ ተነሡ። «ልጄ፣ እኔ ይህን አላጠፋም። ያዢው። ለሀላኬ በሰው አፍ እልክበታለሁ።»

«እናቱ እኮ ናት!» አለች ከሚላ። «መርዶዋን በሹፌር አፍ አይስማ።»

ጓዳ ገብታ የወደራውን ሠርግ ካሴት አመጣች። ያኘከችው ወረቀት ቀዳዳው ውስጥ ደርቆ እንደተጠቀጠቀ ነው። ቴፑ ውስጥ ከተተችው፤ መቅረጫውን ስትጫነው እሺ አለ። ወደ ማይኩ ጠጋ ብላ «አካም፣ ናጋ? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለች። ወደ ኋላ መለሰችና ማይኩን ለዱባ ሰጠቻቸው። የሰው ካሴት የሰው ነው።

ዱባ የሚስታቸውን ሞት ለልጃቸው ነገሩት። የታመመችበትን ቀን፣ የተቀበረችበትን ዛፍ፣ ስሙን መጥራቷን። ሲጨርሱ የቴፑ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ካሴቱን በዚያው ጨርቅ ጠቅልለው፣ ዱላቸውን አንሥተው ወደ መኪናው ሄዱ።

ከሚላ ድንጋዮቹን አውጥታ፣ አንዱ ሌላውን እንዳይነካ አራርቃ መስኮቱ ላይ ደረደረቻቸው። ነገ ፀሐይ አለ። ከጠረጴዛው ላይ የሺሬን ትንሿን ካቻቢቴ አንሥታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ዱባ የተዉላትን ካሴት ገልብጣ ጥርሱ ሥር ሰካችና ወደ ላይ አለችው። ቀሽ አለ። ሁለተኛውንም።

«ምኑን ነው የሰበርሽው?» አሉ መሱዳ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ማንም እንዳይቀርጽበት ነው፣ እትዬ። እኔም ብሆን።»

ሁለቱን ስባሪዎች ከምንጣፉ ላይ በጣቷ ጫፍ ለቅማ ሻሿ ጠርዝ ላይ ቋጠረቻቸው።