ላልቶ፣ ጠብቆ

ኃይለገብርኤል በሠላሳ ስምንት ዓመት የመድረክ ሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ መሪ ተዋናይ ሆኖ አያውቅም። ዘበኛ ሆኗል፣ ደላላ ሆኗል፣ ዘጠኝ ጊዜ ዳኛ ሆኗል፤ ስንት ጊዜ እንደሞተማ እሱም ረስቶታል። አንድ ኩራት ብቻ ነበረው፤ ቃል ስቶ አያውቅም። ከመድረክ የሚያስባርረው ከመድረክ ውጭ የሚናገረው ነው። ካዛንቺስ ሲፈርስ በሬዲዮ ቀርቦ፣ «ለሞተ ሰው እንኳ ሦስት ቀን ሐዘን ይቀመጡለታል፤ እኛ ለሞተ ሰፈር አንድ ቀን ተከለከልን» ካለ ወዲህ ስልኩ አልጮኸም። ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቶ ሁለት ዓመት ለግድግዳ ሲተውን ከረመ።

በመጨረሻ የደወለችለት ሉሊ ናት፤ ድሮ ትወና ያስተማራት፣ ዛሬ አዘጋጅ የሆነች።

«ጋሼ ኃይሌ፣ የዕድር ዳኛ ነው። አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ።»

«ይሞታል?»

«አይሞትም።»

«እሰይ፣ ዕድገት ነው።»

ተውኔቱ ከሰፈሩ ስለሚነሳ ሕዝብ ነው። ወጪውን የሚሸፍነው ድርጅት ፀሃዬ የሚባል ሰው መድቦ ጽሑፉን መስመር በመስመር አስገምግሟል። ፀሃዬ አብልጦ የወደደው የዕድሩን ዳኛ የመጨረሻ ቃል ነው፦ «የዚህ ሰፈር ሰው ይሰማል።» ተነስ ሲሉት የሚነሳ፣ የታዘዘውን የሚሰማ ሰው። ኃይለገብርኤልም በልምምዱ ሁሉ እንደዚያው አላልቶ ተናገረው።

«ብቻ አደራ ጋሼ፣ ከወረቀቱ አንዲት ፊደል እንዳይወጡ» አለው ፀሃዬ።

«አንዲትም።»

እሑድ በስምንት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ከፊት የተጋበዙ ባለ ክራቫቶች፣ ከኋላ ከየተበተኑበት የመጡ የካዛንቺስ ሰዎች። መጨረሻው ረድፍ ላይ የድሮ ጎረቤቱን እጸገነትን አያት፤ ምግብ ቤቷ በፈረሰ ጊዜ በሩን ተሸክማ የሄደችውን። ኃይለገብርኤል ለመጨረሻው ቃሉ ወደ መድረኩ ጠርዝ ወጣ። ሰንም መንም አጠበቀ፤ መ ላይ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ቆየ።

«የዚህ ሰፈር ሰው ይሰማል!»

የአዳራሹ ጣሪያ በጭብጨባ ሊነሳ ደረሰ። ሰሚ የተባለው ሰው ተሰሚ ሆኖ ነበር።

ፀሃዬ ከመጋረጃው ጀርባ እየሮጠ መጣ።

«ምንድነው ያሉት?»

«ይሰማል።»

«እንደሱ አይደለም የተጻፈው!»

«ወረቀቱን አምጣ። ላላ በል የሚለው የቱ ጋ ነው? ፊደላችን ላይ ማጥበቂያ ካለ አሳየኝ።»

ሉሊ ሳቋን በእጇ አፈነች። ፀሃዬ ግን አልሳቀም። «በአሥራ አንድ ሰዓት ሁለተኛው ትርኢት አለ። አዳልጦኝ ነው፣ ተሳስቻለሁ ብለው ይፈርሙና ይጫወታሉ። ካልሆነ ለሊሳ ይገባል።»

ለሊሳ ቃል ለሚጠፋባቸው ተዋንያን ከመጋረጃ ጀርባ የሚያስታውስ ሸበቶ ነው። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ኃይለገብርኤል እስክሪብቶውን ተቀበለ። የጎተራው ግድግዳ ታየው። እንደገና ከሱ ጋር ብቻ ማውራት ሊመጣ ነው።

«ስማ አንተ ልጅ» አለ በኋላ። «አመፀኛ በለኝ፣ ለፍላፊ በለኝ፣ የፈለግከውን ለጥፍብኝ። ቃል ሳተ ግን አትለኝም። አልተሳሳትኩም።»

እስክሪብቶውን መለሰ፤ የዳኛውን ጋቢ አውልቆ ለሊሳን አለበሰው። ከዚያ በዋናው በር ዞሮ፣ ትኬት ገዝቶ፣ ሁለተኛውንም ትርኢት ልታይ ከቆየችው ከእጸገነት ጎን ተቀመጠ።

«ውይ ጋሼ፣ ተባረሩ እንዴ?»

«አሁንማ ተመልካች ነኝ። ተመልካችን ማን ያባርራል?»

ለሊሳ አሥሩን ዓረፍተ ነገር እንደምንም ተወጣ። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ ላብ አጠመቀው። «የዚህ ሰፈር ሰው...» አለና የቀረውን ጺሙ ውስጥ ቀበረው።

«አልሰማንም!» ብላ ጮኸች እጸገነት።

«ድገመው በቃ!» አለ ሌላ ከወዲያ።

ለሊሳ የሚያስታውሰው ፍለጋ ወደ መጋረጃው ጀርባ ዞሮ አየ። ሉሊ ጽሑፉን አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ይዛ ታየዋለች። ከፊት ረድፍ ፀሃዬ ተነስቶ እጁን ያወናጭፋል። ያኔ ኃይለገብርኤልም ብድግ አለና፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በትንንሽ ሚና ቆጥቦ በያዘው ድምፅ፣

«ከንፈርህን ግጠም፣ ለሊሳ!» አለ።

ለሊሳ መ ላይ ከንፈሩን ገጠመ።