የኦልሜዶ ጀርባ

የላቦራቶሪዋ ሐኪም ሴናይዳ የቆዳ ናሙና የምታነሣበትን ግልጽ ፕላስተር በኦልሜዶ ጀርባ ላይ ለጥፋ በአውራ ጣቷ ስትጫነው፣ ሚስቱ ዳማሪስ በሩ ሥር እንደቆመች ሰውነቷን ሰቀጠጣት። ያንን ጀርባ የሌላ ሴት እጅ ሲነካው ዐይታ አታውቅም። ነጫጭ ነጠብጣቦች ከማጅራቱ ጀምረው እስከ ወገቡ ወርደዋል፤ ጠይም ቆዳው በረኪና የተረጨበት ጨርቅ መስሏል።

«ያሳክክሃል?»

«ሲያልበኝ ብቻ ነው ዶክተር።»

«ከማን እንደያዘው ይታያል?» አለች ዳማሪስ።

ሴናይዳ ቀና ብላ አየቻት። «መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልየው እህቴ። ውጭ ጠብቁኝ፣ ብዙ አልቆይም።»

ነጠብጣቡ የወጣው ዝናቡ አልፎ የባራንኪያ ከተማ ሙቀት ሲበረታ ነበር። ዳማሪስ መጀመሪያ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ የካርኒቫል በዓል ተቃርቦ የጭፈራ ልብስ ስትሰፋ ቀና የምትልበት ጊዜ አልነበራትም። ነገሩን ያመጣችው ጎረቤቷ ኡባልዲና ናት። ልብስ እያሰጣች በአጥሩ በኩል፣ «ሚስት ላይ የሌለ ነገር ባል ላይ ከወጣ ከሌላ አልጋ የመጣ ነው» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ዳማሪስ እንቅልፍ አጣች። ኦልሜዶ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። በመጨረሻው ፌርማታ አንዲት ጭማቂ ሻጭ ለእሱ ብቻ ብርጭቆውን ጢም አድርጋ እንደምትሞላ፣ ቀልዱንም ገና ሳይጨርሰው እንደምትስቅለት ሰምታለች። አንድ ቀን ሄዳ ከልጅቷ የሐብሐብ ጭማቂ ገዛች። አልጠጣችውም፤ የልጅቷን አንገትና ክንድ ስትመረምር በረዶው ሟሟ። ቆዳዋ አንዳች እንከን አልነበረውም። ያ ደግሞ ከነጠብጣቡ ይልቅ አንገበገባት።

አሁን በክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ኦልሜዶ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ቀብር ላይ እንኳ ሰው ያስቃል። ዛሬ ግን አንገቱን ደፍቷል።

«ማይክሮስኮፕ የማያሳየው ነገር የለም አሉ» አለችው ልትነካካው ብላ። «ስሟንም ሳይቀር ሊነግረኝ ነው።»

ይስቃል ብላ ጠበቀች። አልሳቀም።

«ጭማቂ ሻጯ አይደለችም» አለ፣ ወለሉን እያየ።

ዳማሪስ ጆሮዋን ተጠራጠረች። «ምን አልክ?»

«የሶሌዳዷ ማርሌኒስ ናት።»

ማርሌኒስ በአጎራባቿ ከተማ በሶሌዳድ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ የዳማሪስን ልብሶች በሚያብረቀርቅ ጌጥ የምትጠልፍላት ሴት ናት። ጨርቁን የሚያደርስላት ኦልሜዶ ነው። ዳማሪስ ራሷ አጣጥፋ፣ ራሷ አስራ፣ «ቶሎ አድርስልኝ፣ እሷ ጋ አታምሽ» እያለች ትሰጠው ነበር።

«በእናቴ ስም እምልልሻለሁ፣ አብቅቷል። ከገና በፊት ነው ያበቃው። ያው መታወቁ ላይቀር ብዬ...»

የላቦራቶሪው በር ተከፈተ። «ኑ ግቡ! አትፍሩ፣ ቀላል ነገር ነው» አለች ሴናይዳ፣ ፊቷ በርቶ።

ዳማሪስን ማይክሮስኮፑ ላይ እንድታጎነብስ አደረገቻት። በሰማያዊ ቀለም መሀል እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጉ ክብ ፍሬዎች፣ በመካከላቸውም ከመቀስ ሥር እንደወደቀ ቁርጥራጭ ክር ያሉ አጫጭርና ጎባጣ ነገሮች ታዩ።

«እርሾ ነው። ቅባት የሚወድ የቆዳ እርሾ። የቱ ዓይነት እንደሆነ ለመለየት የወይራ ዘይት በቀባሁት ሳህን ላይ ዘርቼዋለሁ፤ ያለ ቅባት እሺ ብሎ አይበቅልም። መድኃኒቱ ግን ያን አይጠብቅም።»

«ከማን ያዘው?»

«ከማንም። የእኔም ቆዳ ላይ አለ፣ አንቺም ላይ አለ። ሙቀትና ላብ ሲያገኝ ነው እንዲህ የሚሆነው። ሹፌር አይደል? ቀኑን ሙሉ ጀርባው ከወንበር ተጣብቆ ይውላል።»

«እኔ ላይ? እስቲ እዪኝ!» ዳማሪስ የቀሚሷን አንገትጌ ወደ ኋላ ጎትታ ጀርባዋን ሰጠች።

ሴናይዳ እየሳቀች ፕላስተር ለጠፈችባት፣ ቀለም አስነካችው፣ በማይክሮስኮፑ አየችው። «ይኸውልሽ። ፍሬዎቹ አሉ፣ ክሮቹ የሉም። ያንቺ ተኝቷል፣ የእሱ ነቅቷል። ልዩነታችሁ ይኸው ብቻ ነው።»

«ከማንም?» አለ ኦልሜዶ።

«ከማንም! ባልሽን በከንቱ አትጠርጥሪው» አለች ሴናይዳ ወደ ዳማሪስ ዞራ።

ዳማሪስ ሳቀች። ሳቁ ከማን አፍ እንደወጣ ለራሷም ግራ ገባት።

ቤት እንደደረሱ ኦልሜዶ ሸሚዙን አውልቆ በርጩማ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። ሐኪሟ ያዘዘችለት ቅባት ከማጅራቱ እስከ ወገቡ መታሸት አለበት፤ የራሱ እጅ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ዳማሪስ የቅባቱን ዕቃ ይዛ ቆመች። «ሂድና ማርሌኒስ ትቀባህ» ልትለው አሰበች። ግን ማርሌኒስ የእውነት ስትቀባው፣ ጣቶቿ በአከርካሪው ላይ ቀስ ብለው ሲወርዱ ታያት፤ ቅባቱን በመዳፏ ሙሉ ዛቀች። ቆዳው እስኪሞቅ ድረስ አሸችው። እሱም ትንፋሹን ለቀቀ፤ ይቅር የተባለ መሰለው።

«ማርሌኒስስ?» አለችው በዝግታ። «እሷ ጀርባ ላይ ነጠብጣቡ አለ?»

«የለባትም» አለ ኦልሜዶ ወዲያው።

ከገና በፊት አብቅቷል ብሎ ነበርና ዳማሪስ ቃሉን እንዲያርመው፣ «አልነበረባትም» እንዲል ጠበቀች። እሱ ግን ምን እንዳለ አላስተዋለም፤ አንገቱን ደፍቶ እጇን ይጠብቃል። እጇ በትከሻዎቹ መካከል ቀርቷል፤ ቅባቱ በመዳፏና በቆዳው መሀል እየቀለጠ ወደ ታች ይወርዳል።