የዋጉ መጽሐፍ ዕድሜ

አሰላ ባለው ቤተ መጻሕፍታችን ስለ ስንዴ ዋግ የተጻፈ፣ ሽፋኑ የጠፋ አሮጌ መጽሐፍ አለ። አለቃዬ «መቼ እንደታተመ ከፊደሉ ቅርጽ ለዪ» ብለውኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ የ«ጠ»ን እግር በአጉሊ መነጽር ከድሮ ኅትመቶች ጋር ሳስተያይ ዓይኔ ሊጠፋ ደረሰ። ማን እንደቸኮለበት እንጃ።

ዛሬ የኢተያው ገበሬ ኦቦ ዲሪባ ስንዴያቸውን ዋግ መትቶባቸው ምክር ፍለጋ መጡ።

«ይኸው፣ ስለ ዋግ ነው» አልኳቸው። «በጃንሆይ ጊዜ፣ ፊደሉ በእጅ እየተለቀመ የታተመ ነው!»

«ስለ መድኃኒቱስ ምን ይላል?»

ለካ አንድ መስመር እንኳ አላነበብኩም። የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ አነበብኩላቸው፦ «ፍቱን መድኃኒት በቅርቡ ይገኛል።»

ኦቦ ዲሪባ ገጹን ትንሽ አይተው ተነሡ።

«ፊደሉ ግን ያምራል» አሉኝ።