ረቡዕና ዓርብ ብቻ

ከቢቸና እስከ ሞጣ በላቸው ያልወጣበት ዛፍ ቢኖር ገና ያልበቀለው ነው ይባላል። ወሬው መጋነኑን እሱም ያውቃል፤ ግን ሰምቶ አስተባብሎ አያውቅም። ቤት ላይ ያጋደለ ባሕር ዛፍ፣ የመብራት ሽቦ የነካ ግራር፣ ጫፉ የደረቀ ወይራ ያለው ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። ዛፍ ከሥሩ ገንድሶ መጣልማ የትኛውም ጎረምሳ ይችለዋል። ዛፉን ሳይገድሉ፣ ጣራውን ሳያፈርሱ የታመመውን ቅርንጫፍ ብቻ ለይቶ ማውረድ ግን ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ ዋጋውን ከሠሪው ገላ ላይ ሳይወስድ አይቀርም።

ከበላቸው ብዙ ወስዷል። ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱ ይንቋቋል። ከግንድ ጋር የሚያያዝበት ጠፍር ወገቡን ሲፈትገው ኖሮ ቆዳው እንደ በሬ ጫንቃ ደድሯል። የመጋዝ ብናኝ ዓይኑን ክረምት ከበጋ ያስለቅሰዋል። ይህን ሁሉ አይደብቅም፤ እንዲያውም ጠላ ቤት ሲቀመጥ እየቆጠረ ይኩራራበታል። የሚደብቀው ቀኝ እጁን ብቻ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ክንዱን ከራሱ በላይ ሲያነሣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ቀጥሎ ይደነዝዛሉ፤ ትንሽ ከቆዩማ የማን እንደሆኑም ይረሳሉ።

ይህን ዘመነ ቢያውቅ ነገር አበቃ። ዘመነ የበላቸው ሚስት የሥርጉት ታናሽ ወንድም ነው። ስንት ዓመት አብረው ሲሠሩ በላቸው ይወጣል፣ ዘመነ ከታች ሆኖ የነፍሱን ገመድ ይይዝለታል። ገመዱ ከበላቸው ወገብ ተነሥቶ፣ ከላይ ባለ ጠንካራ ባላ ላይ ዞሮ፣ ወደ ዘመነ እጅ ይወርዳል። እግር ቢያዳልጥ ሰውየውን አየር ላይ የሚያስቀረው ያ ገመድና ያ እጅ ነው። ዘመነ መውጣት አቅቶት አይደለም፤ ቀፎ ሲሰቅል ያደገ ሰው ነው። ግን ታላቅ እያለ ታናሽ አይወጣም። የተነጋገሩበት ነገር አይደለም፤ እንዲያው እንደዚያ ሆኖ ኖረ እንጂ። በላቸው መሬት ላይ ቆሞ ሽቅብ ሲያንጋጥጥ ራሱን ባሰበ ቁጥር ሐሳቡን ቶሎ ያባርራል። ከዛፍ የወረደ ዛፍ ቆራጭ ምን ተብሎ ይጠራል? ስም እንኳ የለውም።

ታዲያ ብልሃት አላጣም። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ አንድ ደንብ ነበራቸው፦ የቤተ ክርስቲያን ዛፍ የሚወጣ ሰው እንደ ቆራቢ እህል ውኃ ሳይቀምስ ይውጣ። በላቸው ይህን ደንብ ድሮ አንዳንዴ ይጠብቀው፣ አንዳንዴ ይረሳው ነበር። እጁ ከከዳው ወዲህ ግን አጥብቆ ያዘው። የቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲመጣ ቀድሞ ይቀበላል፤ የሌላውንም ሰው ሥራ ረቡዕና ዓርብ ላይ ብቻ ይቀጥር ጀመር። እጁ ሲንቀጠቀጥ «ጾም ነው» ይላል። ከጾም ጋር ማን ይሟገታል? ሥርጉት ሳትቀር ነገሩን አምና፣ «እኔ ሃያ ዓመት መክሬ ያልሰማኝን ሰው፣ አምላክ ባንድ ሌሊት አሰማው» ብላ ለጎረቤት አውርታለች። ባልየው ይህን ሲሰማ ትንሽ አፈረ፤ ነገር ግን ጽድቁን አልመለሰም።

በጥቅምት ከሞጣ ተጠራ። በከተማዋ ዳር ካለች ደብር ቅጽር ውስጥ የአንድ ትልቅ ዝግባ ቅርንጫፍ ነፋስ ገምሶት በቅኔ ተማሪዎቹ ጎጆዎች ላይ ተንጠልጥሏል። ተማሪዎቹም ጎጆአቸውን ትተው በደጀ ሰላሙ ይተኛሉ። ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ማክሰኞ ሲከፈት ሁለቱ አማቾች ገመድና መጋዛቸውን አባዱላ ላይ ጭነው፣ በደብረ ወርቅ አድርገው ሞጣ ገቡ። በማግስቱ ረቡዕ ነው። በላቸው ይህን አስቀድሞ አስቦበታል።

የቅኔ መምህሩ የኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ በጠዋት ከዝግባው ሥር ጠበቋቸው። ቀጭን፣ ዓይናቸው የማይቦዝን፣ መቋሚያቸውን ከመደገፍ ይልቅ ሰው ለመጠቆም የሚጠቀሙበት ሽማግሌ ናቸው።

«እህል ቀምሳችኋል?» አሉ።

«የለም የኔታ። ረቡዕ ነው፤ ዛፉም የቤተ ክርስቲያን ነው» አለ በላቸው፣ የለመደውን።

«ታዲያ በባዶ ሆድ እዚያ ላይ ልትወጣ ነው?»

«የሙያችን ደንብ ነው።»

«ደንቡን ያወጣው ማን ነው?»

«ያስተማሩኝ ሽማግሌ፤ ነፍሳቸውን ይማርና።»

«እሳቸው ዛፍ ቆራጭ፣ እኔ ቄስ» አሉ የኔታ። «እሳቸው ያሰሩትን እኔ ፈታሁት። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ከዛፍ ቢወድቅ ጾመኛ አይባልም፣ እግዚአብሔርን የተፈታተነ ነው የሚባል። ጾሙ በእኔ ይሁን፤ ብሉ!» መቋሚያቸውን ወደ አንድ ተማሪ ቀሰሩ። ትኩስ ሽሮ በእንጀራ መጣ፤ ጠላም ተከተለ።

ጋሻን በጦር የሚነጥቅ ጠላት አለ ቢባል በላቸው ያምን ነበር፤ በሽሮ የሚነጥቅ ቄስ ግን አጋጥሞት አያውቅም። እምቢ ቢል ምን ብሎ? እጁን ታጠበና ቀረበ። ዘመነ ከጎኑ ቁጭ ብሎ ጎረሰ። እንጀራው ሲያልቅ ሰበቡም አብሮ አለቀ።

ጫማውን አውልቆ፣ ጠፍሩን በግንዱ አዙሮ ወጣ። የዝግባ ልጥ ቅርፍቱ ይላላል፤ እግር የሚረግጠውን ጣት አስቀድሞ ካልፈተነው ይከዳል። በላቸው ጠፍሩን ሽቅብ ይወረውራል፣ ደረቱን ከግንዱ ያጣብቃል፣ ጉልበቱን ይስባል፣ ያርፋል። ባላው ላይ ሲደርስ የነፍሱን ገመድ አዞረ። የሚወርደውን ቅርንጫፍም በሌላ ወፍራም ገመድ አሰረና ጫፉን ለተማሪዎቹ ለቀቀላቸው፤ ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ተጋግዘው ቀስ እያሉ ሊያወርዱት ነው። ከዚያ ላይ ሞጣ በሙሉ ትታያለች፤ ቆርቆሮው፣ የጤፉ ማሳ፣ ባጃጆቹ። ይህን እያየ አንድ ጊዜ በደንብ የተነፈሰ ሰው መሬት ላይ መኖር ለምን እንደሚከብደው ሌላው አይገባውም።

የተገመሰው ቅርንጫፍ ከቆመበት ከፍ ይላል። በላቸው ክንዱን ዘርግቶ ከሥር ጀመረ። መጀመሪያ ከሥር ሲሶው ካልተቆረጠ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ እስከ ታች ገሽልጦት ይወርዳል፤ ያ ደግሞ ዛፉን ከነነፍሱ መግፈፍ ነው። ሲሶውን ጨረሰ። ጣቶቹ ጀመሩት። መጋዙን ከላይ አሳረፈና ሳበ፣ ገፋ፣ ሳበ። ግማሽ ሲደርስ እጁ ራሱ ተከፈተ። መጋዙ አመለጠውና ወገቡ ላይ ካሰረው ሲባጎ ተንጠለጠለ።

በግራው ሞከረ። መጋዙ ተጣሞ እንጨቱ ውስጥ ተቀረቀረ። በመከራ አወጣው። ቀኝ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ አሸ፣ ነከሰው፤ ጥርሱን አልሰማውም። ቅርንጫፉ እዬዬ ብሎ አቃሰተ። እንዲህ ግማሹን ተቆርጦ ቢቀር ባለቤት አልባ ወጥመድ ነው፤ ገመዱን በጥሶ ጎጆዎቹን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ትቶ መውረድ አይቻልም። መጨረስም አይቻልም። ቁልቁል አየ። የኔታና ተማሪዎቹ ሽቅብ አንጋጠዋል። ዘመነ ብቻ አላንጋጠጠም፤ ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን አቀርቅሯል።

ጾም ነው እንዳይል ሽሮው ገና ከጉሮሮው አልወረደም። ፀሐይ ነው እንዳይል ገና ጠዋት ነው። ደግሞም መዋሸት ሰለቸው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ከዛፉ ይልቅ ውሸቱ አድክሞታል።

«ዘመነ!»

«አቤት ጋሼ።»

«እጄ እምቢ ብሎኛል። ከቆየ ሰንብቷል። አንተ ውጣ።»

በላቸው የሞጣ ሰው በሙሉ የሰማው መሰለው።

«ይዤሃለሁ፤ ቀስ ብለህ ውረድ» አለ ዘመነ።

በላቸው ሲወርድ እግሮቹ መሬቱን እንደ ባዕድ አገር ረገጡት። ዘመነ ጫማውን አውልቆ፣ ጠፍሩን፣ መጋዙንና የነፍሱን ገመድ ታጥቆ፣ አማተበና ወጣ። አወጣጡ ያምራል፤ ይህን አለማየት አይቻልም፤ በላቸውም አየው፣ ቀናም። ከዚያ ገመዱን በአንድ ወይራ ግንድ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሞ ጫፉን ያዘ። ወደ ታች ሲሆን ቀኝ እጁም ይሠራል።

በሕይወቱ የነፍስ ገመድ በእጁ ሲይዝ የመጀመሪያው ነው። ገመድ ማለት ገመድ ይመስለው ነበር። ለካስ ይናገራል። ዘመነ እግር ሲቀይር መዳፉ ላይ ይመጣል። መጋዙ በተሳበ ቁጥር ይመጣል። ቅርንጫፉ ሲያቃስት ዘመነ ትንፋሹን ዋጥ አደረገ፤ በላቸው በዓይኑ ሳያይ አወቀው፤ ወዲያው ደግሞ የዘመነ ጉልበት ስትንቀጠቀጥ፣ ፈርቶ ራሱን ሲያጸና፣ ሁሉም ተራ በተራ ከእጁ ገባ። በላቸውም ሳያስበው ገመዱን ጠበቅ አደረገ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባውና ፊቱ ጋለ።

ቅርንጫፉ ተንቋቅቶ ለቀቀ። ተማሪዎቹ ወፍራሙን ገመድ እየሰጡ፣ እየጮሁ፣ በሁለት ጎጆዎች መካከል አጋደሙት። ከግንዱ ልጥ ጣት የምታህል እንኳ አልተገሸለጠችም። የኔታ «ተመስገን!» ብለው በመቋሚያቸው ዝግባውን መታ መታ አደረጉት።

ዘመነ ወርዶ ላቡን ሲጠርግ በላቸው አጠገቡ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?» አለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አምና ጥር ላይ፤ የቢቸናውን ሾላ ስንሠራ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ! ታዲያ ዝም ትለኛለህ?»

ዘመነ መዳፎቹን ሱሪው ላይ ጠረገ። በሁለቱም ላይ ገመድ የበላው ቀይ ሰንበር አለ፤ ያንድ ቀን ሰንበር አይደለም።

«ዝምስ አላልሁም ጋሼ» አለ። «አጥብቄ ያዝሁህ እንጂ።»

በላቸው ጎንበስ ብሎ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበርና ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ፈታው።