የማይከፈተው ሲዲ

ሚኒባሱ ሞተሩ ሳይጠፋ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ከበደች ከውስጡ ዘላ ወረደችና ሲዲውን በባለ ሱቋ በነጅዋ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ያ ነጅዋ፣ ይሄን ለዶክተሩ በስልክ ላኪልኝ። ደበሌ መኪና ውስጥ ነው።»

አናጺው ደበሌ ባሏ ነው። መሰላ ከተማ ውስጥ ቆርቆሮ ሲመታ ከጣሪያ ከወደቀ ሰንብቷል። ያን ጊዜ አቧራውን አራግፎ ሥራውን ቀጥሎ ነበር። ሰሞኑን ግን ራስ ምታት ጠናበት፤ ቀኝ እግሩንም ይጎትት ጀመር። ሐረር ሄዶ ሲቲ ስካን ተነሳ፤ ውጤቱ እስኪነበብ ሲዲውን ይዘው ወደ ጭሮ ተመለሱ። ዛሬ ጠዋት አፉ ተሳሰረ።

የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች አዲስ አበባ ካሉት የጭንቅላት ሐኪም ከዶክተር ኪሮስ ጋር በስልክ አገናኟት። እሳቸውም «እጢ ከሆነ ወደኔ ይምጣ፤ ደም ከሆነ ግን እዚህ ድረስ አይዘልቅም። መጀመሪያ ምስሉን ልየው» አሏት።

ነጅዋ ሲዲውን ከፈተች። ስም የለሽ ፋይሎች ተደረደሩ። አንዱን ስትነካው ኮምፒውተሩ አላውቀውም አለ።

«ዲኮም የሚሉት ነው፤ የሐኪም ቤት ፋይል። ወደ ፎቶ የሚቀይር ድረ ገጽ አለ» አለች። ገጹን አግኝታ ግን እጇ ቆመ። «አደ ከበደች፣ ፋይሉ ውስጥ የደበሌ ስምም ዕድሜም አለ። የማን እንደሆነ በማላውቀው ገጽ ላይ ልጫነው?»

«ስሙን ማንም ይየው። ጫኚው።»

ግማሽ ሳይደርስ መብራት ሄደ፤ ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። ነጅዋ ላፕቶፑን ከስልኳ ኢንተርኔት ጋር አገናኝታ እንደገና ጀመረች። ሹፌሩ ሙከሚል በር ላይ መጥቶ «አስመለሰው እኮ። ወዴት ነው የምነዳው?» አለ።

ፎቶዎቹ ወጡ። በቴሌግራም ላከቻቸው። ዶክተሩ ወዲያው ደወሉ።

«እህቴ፣ የሚታየኝ የራስ ቅሉ ብቻ ነው። አንጎሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኗል። ገጹ ላይ አጥንት፣ ሳንባ፣ አንጎል እያለ የሚያስመርጥ ቦታ አለ?»

ነጅዋ ገጹን ወደ ታች አወረደችው። ጥግ ላይ ትንሽ ሳጥን አለች። ሳታያት አልፋ፣ «አጥንት» የሚለው እንደተመረጠ ቀርቶ ነበር።

«አለ፤ ግን የላፕቶፔ ባትሪ እያለቀ ነው፤ ሁሉንም አይጭንልኝም።»

«ሁሉም አያስፈልገኝም። ከመሀል ያሉትን ጥቂቶቹን ብቻ።»

«ቢስሚላህ» ብላ መረጠች። የባትሪው ምልክት ቀላ። ከበደች ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ምስሎቹ ተራ በተራ ወጡ፤ የመጨረሻው ሲላክ የላፕቶፑ ስክሪን ጨለመ።

ስልኩ እንደገና ጠራ።

«ደም ነው» አሉ ዶክተሩ። «በግራ በኩል አንጎሉን ተጭኖታል። ወደኔ እንዳታመጡት። ወደ ሐረር ንዱ፤ እዚያ ላለው ቀዶ ሐኪም አሁን እደውልለታለሁ።»

ሙከሚል መኪናውን አዞረ። የሂርና ከተማን ሲያልፉ ደበሌ ቢጠሩትም አይሰማም ነበር። ከበደች ግን እጁን ይዛ ማውራቷን አላቆመችም፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤት፣ አፏ ስላመጣላት ሁሉ።

ነጅዋ ሱቋን ዘጋች። የቀትሩን ሶላት ዙህርን ሰግዳ ብትቀመጥም እጇ ሥራ አልይዝ አላት። ከበደች የደወለችው በማግስቱ ነው።

«ደሙን አወጡለት» አለች፤ ድምጿ ተሰባብሯል። «ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ እግሩ ገና ነው። አሁን ግን ተራበና ተቆጣኝ።»

ነጅዋ ስትስቅ እንባዋ መጣ። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለቻት። «አብዪው እንጂ።»